ወፎቹ ስለ ምን ተነሡ

በቤታችን የእንግዳ መቀበያ ክፍል፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ በእንጨት ክፈፍ ውስጥ የገባ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ይታያል። ያነሡት ነፍሳቸውን ይማረውና አባቴ ናቸው፤ ዘመኑ ጥር 1965 ዓ.ም. ሲሆን ቦታውም የአብጃታ ሐይቅ ነው። በሥዕሉ ላይ ተቈጥረው የማይዘለቁ ፍላሚንጎዎች ከውሃው ባንድነት ሲነሡ፣ አንገታቸውን ወደ ፊት፣ እግራቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ሰማዩን ሲያለብሱት ይታያሉ። ከበስተኋላም ጥቂት ፔሊካኖች ሁከቱ እንዳልነካቸው ሁሉ በውሃው ላይ ተቀምጠዋል። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ስለ ሆነ የወፎቹን ሮዝ መልክ ከልቡ የሚጨምረው ተመልካቹ ነው።

እንግዳ በገባ ቍጥር ዐይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው በዚህ ሥዕል ላይ ስለ ሆነ፣ እኔም «አባቴ እጅግ ትዕግሥተኛ ሰው ነበሩ፤ ሲጠብቁ ውለው ወደ ማታ ወፎቹ ተነሡላቸው» እያልሁ ብዙ ዓመት ስናገር ኖርሁ። አነጋገሩም የእኔ አልነበረም፤ አባቴ በሕይወት ሳሉ ለእንግዶቻቸው የሚናገሩት ቃል ነው። ዳሩ ግን እውነት አልነበረም። እውነት አለመሆኑንም ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው ዛሬ በሕይወት የለም።

ነገሩን ያነሣችው የመጨረሻዋ ልጄ ናት። ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ከሥዕሉ ሥር ቆማ ብዙ ከተመለከተች በኋላ፣ «አባባ፣ ወፎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ የተነሡት ስለ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ወፍ መሆኗ አይደለምን፣ መብረር ልማዷ ነው አልኋት። እርሷ ግን፣ «ልማዳቸው ከሆነማ አንዷ ቀድማ ሌላዋ ትከተላት ነበር እንጂ እንዲህ ባንድነት እንዴት ይነሣሉ? አንድ ነገር አስደንግጧቸው መሆን አለበት» አለችኝ። ለዚህ የሚሆን መልስ አጥቼ፣ ሐይቁን ራስሽ ሂደሽ ታዪዋለሽ ብዬ ተስፋ ሰጠኋት።

ተስፋውን የፈጸምሁት በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ለዚሁ ጕዳይ ብዬ አንድ ካሜራ ገዛሁ፤ ሌንሱ የልጅ ክንድ ያህል የረዘመና የከበደ ነው። ወፍን በበረራዋ ላይ ሳለች አጥርቶ ለማንሣት የካሜራው መዝጊያ ተከፍቶ የሚዘጋበት ጊዜ እጅግ አጭር መሆን አለበት፤ አንድ ሴኮንድ ለሁለት ሺህ ቢከፈል ከአንዱ እጅ የማይበልጥ ማለት ነው። ካሜራዬም በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ሃያ ሥዕል ያነሣል። አባቴ የነበራቸው ፊልም ግን ሠላሳ ስድስት ሥዕል ብቻ የሚይዝ ሆኖ፣ ሌንሱንም እያንዳንዱን ጊዜ በእጃቸው እያዞሩ ነበር የሚያስተካክሉት። ሥዕሉ መውጣት አለመውጣቱም የሚታወቀው ፊልሙ አዲስ አበባ ሄዶ ከታጠበ በኋላ ነው።

ስለ ካሜራ ካነሣሁ አይቀር፣ የወፍን በረራ በሥዕል ለመያዝ ብዙ ከደከሙት ሰዎች አንዱ ኤቲየን ዡል ማሬ የሚባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ነው። ይህ ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1882 ዓ.ም. የሠራው መሣሪያ መልኩ ጠመንጃ ነው፤ እንደ ጠመንጃ በትከሻ ተደግፎ፣ ምላጩ ሲሳብ በአንድ ሴኮንድ 12 ሥዕል ያነሣ ነበር። በዚህም ዐይናችን ለይቶ የማያየውን የክንፍ አወራረድና አነሣሥ ለሰው ገለጸ። ጠመንጃ መምሰሉን ባነበብሁ ጊዜ ሥቄ ነበር። በአብጃታ ዳር ከቆምሁ ወዲህ ግን አላሣቀኝም።

አብጃታ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከላንጋኖና ከሻላ ጋር ጎረቤት ሆኖ የሚገኝ ሐይቅ ነው። ከሻላ ጋር ባንድነት የአብጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ይጠበቃል። ሁለቱ ሐይቆች ጎረቤት ቢሆኑም ጠባያቸው አይገናኝም፤ ሻላ ከ250 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ሲሆን አብጃታ ግን ዝርግና ጥልቀት የሌለው ነው። ስለዚህም ረጃጅም እግር ላላቸው፣ በውሃ ዳር እየተራመዱ ለሚመገቡ ወፎች የተመቸው አብጃታ ነው። ውሃው የሚመጣለት ከዝዋይ በሚወርደው በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖም በሚወጣው በሆራ ቀሎ ነው፤ መውጫ ግን የለውም። ወደርሱ የገባው ውሃ በፀሐይ ሲተን ሶዳው እየቀረ ይከማቻል።

በአባቴ ዘመን መኪናችን የቆመችው ከውሃው ዳር ነበር፤ እኔም ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ስለ ነበርሁ፣ በሩን ከፍቼ ስወርድ የወፎቹ ጩኸት ጆሮዬን እንደ ሞላው አስታውሳለሁ። አሁን ግን መኪናውን ከግራሮቹ ሥር ትተን ግማሽ ሰዓት ያህል በእግራችን ሄድን። የረገጥነው ምድር ቀድሞ የሐይቁ ወለል የነበረ ነው፤ ላዩ እንደ ጨው ነጭ የሆነ የሶዳ ቅርፊት፣ ሥሩ ጥቁር ጭቃ ነው። ከሃምሳ ዓመት በፊት ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋ የነበረው ሐይቅ፣ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዐሥርት ዓመታት እኩሌታውን ያህል አጥቷል። በዝዋይና በወንዞቹ ዳር ለመስኖ የሚቀዳው ውሃ፣ ለሶዳ ማምረቻም ከራሱ ከሐይቁ የተቀዳው፣ የዝናቡም ማነስ ተደምሮ ነው። ውሃው ሲያንስ ሶዳው በረታ፤ ሶዳው ሲበረታ ዓሣው ጠፋ። በሻላ ደሴቶች ላይ እየፈለፈሉ ወደ አብጃታ እየመጡ ዓሣ ይመገቡ የነበሩት ፔሊካኖችም ምግባቸውን ራቅ ብለው ይፈልጉ ጀመር። ልጄ፣ «በሥዕሉ ላይ ያሉት ፔሊካኖች የት አሉ?» ስትለኝ ይህንኑ ነገርኋት፤ ዝም ብላ ሄደች።

ወደ ውሃው ስንቀርብ መንገድ የሚመራን ከመንደር የመጣ አንድ ወጣት ነበር። ጠባየ መልካም፣ ንቁ ልጅ ነው። ሌንሴን ተመልክቶ፣ «ጋሼ፣ ቆመው ነው ወይስ ሲበሩ የሚፈልጉት? ሲበሩ ከሆነ እኔ አስነሣልዎታለሁ፤ እንግዶች ሁሉ የሚፈልጉት ይህንን ነው» አለኝ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ከአዲስ አበባ ድረስ መድከሜን፣ ካሜራውን የገዛሁበትን ገንዘብ፣ ከሁሉም ይልቅ ያንን በግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል አሰብሁና፣ «አስነሣ» አልሁት።

ወጣቱ እጆቹን እያራገበ፣ እየጮኸ ወደ ውሃው ሮጠ። ወፎቹም በመጀመሪያ አንገታቸውን ቀና አደረጉ፤ ቀጥሎም እርስ በርሳቸው ተጠጋግተው ወደ መካከል ገሠገሡ፤ በመጨረሻ ውሃውን በእግራቸው እየመቱ እየሮጡ ተነሡ። ያን ጊዜ የታየው ነገር በእውነት የሚያስደንቅ ነው። ቆመው ሳሉ ነጭ የሚመስሉት ሁሉ ክንፋቸውን ሲከፍቱ ውስጡ ቀይና ጥቁር ሆኖ ሰማዩ ባንድ ጊዜ ነደደ። እኔም ካሜራዬን ሳላቋርጥ አስጮኽሁት።

ከዚያም ሥዕሎቹን በካሜራው መስታዎት ላይ ገልጬ ለልጄ አሳየኋት። እርሷም አንድ በአንድ ተመልክታ ስታበቃ፣ «ሁሉም ጀርባቸውን ነው የሰጡን» አለች። እውነቷን ነው። የፈራ ወፍ ከሚያስፈራው ይሸሻልና፣ ከአራት መቶ ከሚበልጠው ሥዕል ውስጥ የአንዲት ወፍ ፊት የታየበት አንድም አልነበረም፤ ሁሉም ጅራትና የእግር ጫማ ነው። በዚያም ላይ ጊዜው ወደ አራት ሰዓት ስለ ደረሰ ከሶዳው የሚነሣው ትኵሳት አየሩን እያንቀጠቀጠው የወፎቹ ጠርዝ ሁሉ ተንዘፍዝፏል። ካሜራውም በምድሩ ንጣት ተታልሎ ሥዕሉን አጨልሞታል።

በዚህ መካከል በዕድሜ የጠና አንድ የፓርኩ ጠባቂ ወደ እኛ መጣ። ይቈጣል ብዬ ነበር፤ እርሱ ግን ጤና ይስጥልኝ ብሎ ልጄን ከጨበጠ በኋላ በዝግታ፣ «ዛሬ ይህ መንጋ ሲነሣ አራተኛው ነው» አለኝ። ከእኛ በፊት ሦስት ጊዜ ሌሎች እንግዶች አስነሥተዋቸው ኖሯል። ጠባቂው ከዚህ ሌላ የወቀሳ ቃል አልተናገረኝም። ብቻ ልጄ ብትጠይቀው ወፎቹ እንዴት እንደሚመገቡ አስረዳት፤ ትንሿ ፍላሚንጎ ራሷን ወደ ታች ዘቅዝቃ፣ ውሃውን በምንቃሯ ውስጥ እያጠለለች፣ ዐይን የማይለየውን ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ትለቅማለች። ምግቡ እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ የምትጠግበው ሰዓቱን ሙሉ ስትሠራ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ስትነሣም እየሮጠች የከባድ ሰውነቷን ክብደት ከውሃ ማላቀቅ አለባትና ያጠራቀመችውን ጉልበት ታፈሳለች።

ቀጥሎም በውሃው ጠርዝ ላይ እንደ አይጥ የሚሯሯጡ ጥቃቅን ግራጫ ወፎች አሳያት። እነዚህ ክብደታቸው ከ20 እስከ 30 ግራም ያህል ሲሆን፣ የሚፈለፈሉት በሰሜን ዋልታ አጠገብ በሳይቤሪያ ምድር ነው። በረዶ ሲመጣ ወደ እኛ ይወርዳሉ፤ ጸደይ ሲሆን ይመለሳሉ። ለመንገዳቸው ስንቅ የሚሆነውን ስብ የሚሰበስቡት እንደዚህ ባለ ጭቃ ላይ ነው። ፍላሚንጎዎቹ ሲነሡ እነርሱም አብረው ተነሥተው እንደ ነበር እኔ አላየሁም፤ ልጄ ግን አይታ ነበር።

ስለ ወጣቱ መሪያችን አንድ ቃል ልናገር። ጠባቂው በደረሰ ጊዜ እጅግ አፈረ፤ ጥፋቱ ግን የእርሱ አይመስለኝም። ለሩጫው ገንዘብ የከፈልነው እኛ የከተማ ሰዎች ነን፤ ያስተማርነውም እኛ ነን። በማግስቱ ተመልሰን እንመጣለን፤ አንተም ከእኛ ጋር ዝም ብለህ ትቀመጣለህ፤ ለሩጫው የሚከፈልህን ያህል ለመቀመጡ እከፍልሃለሁ ባልሁት ጊዜ ቀልድ መስሎት ሣቀ። እውነት መሆኑን ሲያውቅ ግን ከማናችንም ቀድሞ በጨለማ መጥቶ ጠበቀን።

ሌሊቱን በላንጋኖ አድረን በማግስቱ ገና ሳይነጋ ተነሣን። ጠባቂው የሰጠን ምክር አጭር ነበር፤ ፀሐይም ነፋስም ከኋላችን ይሁን፤ ዝቅ እንበል፤ ከተቀመጥን በኋላም አንነሣ። የሐይቁ ምሥራቃዊ ዳር ለጧት ፀሐይ ይመቻል። የነፋሱን ምክንያት ግን ያኔ ነው የተረዳሁት። ወፍ ስትነሣም ስታርፍም ፊቷን ወደ ነፋሱ ታዞራለች፤ ስለዚህ ነፋስ ከኋላው የሚነፍስበት ሰው የወፏን ፊት ያያል። ስንት ዓመት ፎቶግራፍ እያነሣሁ ይህን አለማወቄ አሳፈረኝ።

ሰሌን አንጥፈን፣ ጋቢ ተከናንበን፣ ከውሃው ራቅ ብለን ተቀመጥን። መቀመጥ ሲሉት ቀላል ይመስላል፤ ለኔ ግን ጕልበቴ ደነዘዘ፣ ወገቤ ተያዘ፣ ብርዱም አጥንት የሚሰብር ነበር። ልጄ ከእኔ ይልቅ ታገሠች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወፎቹ እየተመገቡ በራሳቸው ፈቃድ ወደ እኛ ይቀርቡ ጀመር። ድምፃቸው እንደ ዝይ ያለ ያልተቋረጠ ማጕረምረም ነው፤ በዚያ ላይ የምንቃራቸው ማጠለል ከቅርብ ሲሰማ እንደ ቀስታ ዝናብ ነው።

ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል አንድ ዓሣ በሊታ ንስር በሐይቁ ላይ ዝቅ ብሎ መጣ። ዓሣ ባለቀበት ቦታ ይህ ንስር ፍላሚንጎ ማደን ያውቃል። በዚያ በኩል ያለው መንጋ ባንድ ጊዜ ተነሣ፤ ከአባቴ ሥዕል ምንም የማያንስ ደመና ሆነ። ወጣቱ በሹክሹክታ፣ «ጋሼ፣ ያንሡ እንጂ!» አለኝ። እኔም ወደ ልጄ ዘወር ብዬ፣ ይኸውልሽ፣ ማንም ሰው ሳይነካቸውም ይነሣሉ አልኋት። እርሷም ዐይኗን ከንስሩ ሳትነቅል፣ «እርሱ ግን ሊበላ ነው የመጣው» አለችኝ። ካሜራውን ሳላነሣ ንስሩ አለፈ፤ መንጋውም ተመልሶ አረፈ።

ከሁሉ የተሻለው ሥዕሌ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሥዕሉም ትንሽ ነገር ነው። ሰባት ፍላሚንጎዎች ከደቡብ በኩል በረድፍ መጥተው፣ ወደ ነፋሱ ዞረው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ እግራቸውን ወደ ፊት ጥለው፣ ልክ ከፊታችን አረፉ። የመጀመሪያዪቱ ዐይን፣ ከዐይኗም ውስጥ የፀሐይዋ ነጸብራቅ ይታያል። አንዲትም እግሯ እንደ ቀይ ክር የቀጠነ፣ ክንፏ ጥቁር የሆነ ወፍ በውሃው ላይ ዝቅ ብላ ስታልፍ አነሣኋት፤ እርሷ ግን ደብዝዛለች። ምንቃሩ ወደ ላይ የተቈለመመውን ነጭና ጥቁር ወፍ ደግሞ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስት ጊዜ ያገኘሁት ባዶ ሰማይ ነው።

በሶዳው ላይ ስንመለስ ልጄ ስለዚያ ስለ አሮጌው ሥዕል ሁለተኛ ጠየቀችኝ፤ እኔም ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻልሁምና ነገርኋት። በዚያን ቀን አባቴ ከጧት ጀምሮ ጠብቀው ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ፀሐይ አዘቀዘቀች፤ በፊልማቸው ውስጥ የቀረው ሦስት ሥዕል ብቻ ነው፤ በማግስቱም ከሥራቸው መገኘት ነበረባቸው። ስለዚህ ወደ እኔ ዞረው፣ «ወርውር!» አሉኝ። የመጀመሪያው ድንጋይ ከውሃው አልደረሰም። ሁለተኛው ከወፎቹ ፊት ወደቀ። ሦስተኛው ከመካከላቸው አረፈና ተነሡ። አባቴም ካሜራውን ካወረዱ በኋላ ራሴን ዳብሰው፣ «ጐበዝ!» አሉኝ። አባቴ ልጅ በፊቱ አይመሰገንም የሚሉ ሰው ነበሩ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ይህን ቃል ከአፋቸው የሰማሁበትን ቀን አላስታውስም። ለእንግዶቻቸው ግን ጠብቄ አገኘሁት ሲሉ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ዝም እል ነበር። በ1989 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም ዝምታዬ ወደ ንግግር ተለወጠ።

ልጄ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ሄዳ፣ «ወፍ ሞተች?» ብላ ጠየቀችኝ። አላየሁም፤ የማየው አባቴን ነበር አልኋት።

አዲስ አበባ የገባን ዕለት ማታ፣ ገና ዕቃው ከመኪና ሳይወርድ፣ ወንበር አምጥታ ወጣችና ሥዕሉን ከግድግዳው አወረደችው። መብራት ሥር አድርጋ መረመረችው። በሥዕሉ ግራ ጠርዝ፣ ወደ ታች በኩል፣ አንዲት ደብዛዛ ጥላ አለች፤ እኔ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የፊልሙ ጕድለት ነው እያልሁ የኖርሁባት ናት። ልጄ ጣቷን ከርሷ ላይ አድርጋ፣ «አባባ፣ ይህ የእርስዎ እጅ ነው?» አለችኝ።

አዎን፣ የእኔ እጅ ነው አልኋት።

እናቷ ይህን ስትሰማ ሥዕሉ ከእንግዳ መቀበያው ተነሥቶ ወደ እኔ ክፍል ይግባ አለች። ልጄ ግን አልፈቀደችም፤ ሰባቱን ፍላሚንጎዎች በአነስተኛ ክፈፍ አሠርታ ከአያቷ ሥዕል ጎን ሰቀለቻቸው። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ጊዜ የሁለቱን ሥዕል ታሪክ የምትናገረው እርሷ ናት፤ ድንጋዩንም ሦስቱንም አታስቀርም። እኔ ቡናው እስኪቀርብ ድረስ ዝም ብዬ እሰማለሁ።